የከዋክብት ሚዛን፦ የፍሪድሪኽ ቪልሄልም ቤሰል ሕይወትና ሥራ

እህል በቁና ይሰፈራል፤ ወርቅም በሚዛን ይመዘናል። ነገር ግን እጅ የማይነካው፥ እግርም የማይደርስበት ኮከብ በምን ይመዘናል? ለብዙ ዘመናት ይህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ መልስ ይገኝለታል ብለው ተስፋ ያደረጉትም ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ ግን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህች ኮከብ የፀሐይን እጥፍ ታህላለች፥ ያችኛይቱ ደግሞ ግማሿን ታህላለች ብለው በእርግጠኝነት ይናገራሉ። ለዚህ ዕውቀት በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ያደገና ሥራውን በአንድ ንግድ ቤት ሒሳብ በመያዝ የጀመረ ጀርመናዊ ነው። በዚህ እትማችን የዚህን ሰው፥ የፍሪድሪኽ ቪልሄልም ቤሰልን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክላችሁ ወደናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከንግድ ቤት ወደ ሰማይ

ቤሰል ጁላይ 22 ቀን 1784 ሚንደን በምትባል የፕሩሲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ መካከለኛ ኑሮ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፥ እናቱ የአንድ ፕሮቴስታንት ሰባኪ ልጅ ነበረች። በቤቱ ዘጠኝ ልጆች ስለ ነበሩ፥ ሁሉንም አስተምሮ ለከፍተኛ ማዕርግ ማብቃት ለአባቱ ቀላል አልነበረም። ልጁም በበኩሉ የላቲን ቋንቋ ትምህርት ፈጽሞ አልሆንልህ አለው፤ ቁጥር ግን ይወድ ነበር። ስለዚህ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ለንግድ ሥራ ታጨ። በ1799 መጀመሪያ ላይ ብሬመን ወደምትባለው የወደብ ከተማ ሄዶ፥ በአንድ ታላቅ የንግድ ቤት ለሰባት ዓመታት ያለ ደመወዝ ሊያገለግል ውል ገባ።

ወጣቱ ቀን የነጋዴውን ሒሳብ ሲያሰላ ይውልና ሌሊቱን በንባብ ያሳልፍ ነበር። ምኞቱ ከመርከብ ጋር ወደ ሩቅ አገር ተጉዞ የንግድ ዕቃ ኃላፊ መሆን ነበረና፥ የውጭ ቋንቋዎችንና መልክዓ ምድርን አጠና። መርከብ በሰፊው ባሕር መካከል የት እንዳለች ለማወቅ ግን ከዋክብትን መመልከት የግድ ነው፤ በዚህም ምክንያት ወደ ሥነ ፈለክ ገባ፤ ከገባም በኋላ አልወጣም። በ1804 አንድ እንግሊዛዊ የሃሌይን ጅራታም ኮከብ በ1607 ተመልክቶ የተወውን መዝገብ አግኝቶ፥ ከዚያ ተነሥቶ የኮከቡን መንገድ በስሌት አወጣ። ሥራውንም በዚያው ከተማ ለሚኖረው ለሐኪሙና ለከዋክብት ተመራማሪው ለሃይንሪኽ ኦልበርስ አቀረበለት። ኦልበርስ የ20 ዓመቱን የንግድ ቤት ሠራተኛ ድካም አይቶ እጅግ ተደነቀ፤ ጽሑፉም እንዲታተም አደረገ።

የሰባቱ ዓመት ውል በ1806 ሲያበቃ፥ ቤሰል ሁለት መንገዶች ተደቀኑበት። አንደኛው ጥሩ ደመወዝ ያለው የንግድ ሥራ ነበር፤ ሁለተኛው በብሬመን አጠገብ ሊሊየንታል በሚባል ስፍራ በሚገኝ የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ እጅግ በአነስተኛ ደመወዝ ረዳት መሆን ነበር። እርሱም ሁለተኛውን መረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1810፥ የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም ሦስተኛ በኮኒግስበርግ ከተማ የሚሠራውን አዲስ የከዋክብት መመልከቻ እንዲመራ ሾመው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚያስፈልገው የዶክተርነት ማዕርግ ስላልነበረው፥ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ መስክሮለት ማዕርጉ ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተሰጠው። በ1812 የናፖሌዎን ጦር ወደ ሩሲያ ሲዘምት በዚያ አገር በኩል አለፈ፤ ሕንፃው ግን በዚያ ሁከት መካከል ከመሠራት አላቋረጠም፤ በ1813ም ተፈጸመ። ቤሰል በዚያው ስፍራ እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ።

ስሕተትን መለካት

ቤሰልን ከሌሎች የሚለየው ከሁሉ አስቀድሞ ለስሕተት የነበረው አመለካከት ነው። ለእርሱ ፍጹም የሆነ መሣሪያ የለም። ብረት በብርድና በሙቀት ያጥራል፥ ይረዝማል፤ አየርም የከዋክብትን ብርሃን ያጣምማል፤ የተመልካቹም ዓይንና ጆሮ ይዘገያል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ከአንጥረኛው እጅ ሲወጣ ሥራው ተፈጸመ አይባልም፤ ተመልካቹ ጉድለቱን አንድ በአንድ መርምሮ በስሌት ሲያቃናው ነው የሚፈጸመው የሚል እምነት ነበረው። በዚህም መንገድ ጀምስ ብራድሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1750ዎቹ ዓመታት ያደረጋቸውን ምልከታዎች መርምሮ አቃናቸው፤ የ3,222 ከዋክብትን ትክክለኛ ስፍራ የያዘውንም መጽሐፉን በ1818 አሳተመ።

እዚህ ላይ አንድ አስተማሪ ታሪክ እናስታውስ። በ1796 በእንግሊዝ አገር በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ዴቪድ ኪንብሩክ የተባለ ረዳት ነበረ። ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ በተዘረጋው ክር ላይ የምታልፍበትን ሰዓት ሲመዘግብ፥ ከአለቃው ይልቅ ስምንት ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል የዘገየ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በቸልተኝነት ተቆጥሮበት ከሥራው ተሰናበተ። ቤሰል ይህን ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲያነብ ነገሩን በሌላ ዓይን ተመለከተው። ራሱን ከሌሎች ታላላቅ ተመልካቾች ጋር አነጻጸረ፤ በመካከላቸውም ተመሳሳይ ልዩነት፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ሰከንድ የሚበልጥ ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ልዩነቱ የእያንዳንዱ ሰው ተፈጥሮ ነበር እንጂ የስንፍና ምልክት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ተመልካቾች የየራሳቸውን ልዩነት ለክተው ከውጤታቸው ላይ ማስተካከል ጀመሩ። ለተሰናበተው ረዳት ግን ይህ ዕውቀት በጊዜው አልደረሰለትም። ሰዎችን እንድናስተምርና ሥራቸውን እንድንመዝን ኃላፊነት የተሰጠን ሁሉ ይህን ታሪክ ልናስበው ይገባናል።

የመጀመሪያው ርቀት

ኮከብን ለመመዘን አስቀድሞ ርቀቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም ጥያቄ የቆየ ነበር። በዚያው በፕሩሲያ ምድር፥ ከኮኒግስበርግ ብዙም በማይርቀው በፍራውንቡርግ ካቴድራል በካህናቱ ጉባኤ አባልነት ያገለገለው ኒቆላዎስ ኮፐርኒቆስ፥ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን መጽሐፉን በ1543 ካሳተመ ጀምሮ ተቃዋሚዎች አንድ ብርቱ ጥያቄ ነበራቸው። ምድር በእውነት የምትዞር ከሆነ፥ በስድስት ወር ልዩነት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስንመለከታቸው ቅርብ የሆኑት ከዋክብት ከሩቆቹ አንጻር ለምን ቦታቸውን የለወጡ አይመስሉም? አንድ ዓይናችንን ጨፍነን በጣታችን ከፊታችን ያለውን ዛፍ ብንከልል፥ ከዚያም ሌላውን ዓይን ብንለውጥ ጣታችን ቦታ የለወጠ ይመስላል፤ ከዋክብቱ ግን እንዲህ ሲያደርጉ አይታዩም ነበር። ኮፐርኒቆስ መልሱን ያገኘው በርቀታቸው ብዛት ነበር። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚለካ መሣሪያና ሰው እስኪገኝ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

ቤሰል ለዚህ ሥራ የመረጣት ኮከብ ሲግነስ በምትባለው የከዋክብት ክፍል ያለችውን 61ኛዋን ነው። ይህች ኮከብ ደብዛዛ ናት፤ ነገር ግን በሰማይ ላይ ከሌሎች ይልቅ ፈጥና እንደምትጓዝ ጁሴፔ ፒያጺ የተባለው በፓሌርሞ የነበረ ካቶሊካዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ አስቀድሞ አስተውሎ ነበር። በመንገድ ላይ ቅርብ ያለው መንገደኛ ከሩቁ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልፍ እንደሚመስለን፥ ፈጣኗ ኮከብ ምናልባት ቅርብ ትሆናለች ማለት ነው። መሣሪያውም ሄሊዮሜትር የሚባለው፥ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በተባለው ስመ ጥር የመስታወት ባለሙያ ሥራ ቤት የተዘጋጀ ነበር። የዚህ መሣሪያ ዋና መስታወት በመካከሉ ለሁለት የተቆረጠ ሲሆን፥ አንዱ ግማሽ በሌላው ጎን ይንሸራተታል። የሁለት ከዋክብት ምስሎች እስኪገጥሙ ድረስ ግማሹን በብሎን እያንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በጥንቃቄ መለካት ይቻላል።

ቤሰል ከኦገስት 1837 እስከ ኦክቶበር 1838 በሌሊት ብርድ እየተቀመጠ ያችን ኮከብ ከአጠገቧ ከሚታዩ ሁለት ደብዛዛ ከዋክብት አንጻር ደጋግሞ ለካት። ያገኘውም ለውጥ ከአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ሲሶ እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ይህም ስፋቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነን አንድ የገንዘብ ሳንቲም ከ16 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንደ መመልከት ያህል ነው። ከዚህም ተነሥቶ የኮከቧ ርቀት ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 657,700 ጊዜ ያህል መሆኑን አሰላ፤ ብርሃንም ያን ለመጓዝ ከዐሥር ዓመት በላይ ይወስድበታል። የዛሬው መለኪያ 11 ዓመት ተኩል ገደማ ያደርገዋል። በዚያው ዘመን ሽትሩቬ በሩሲያ ግዛት፥ ሄንደርሰንም በደቡብ አፍሪካ በሌሎች ከዋክብት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል፤ የባልንጀሮቹን ሁሉ አመኔታ በመጀመሪያ ያገኘው ግን የቤሰል ልኬት ነበር።

ጥንድ ከዋክብትና ሚዛናቸው

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። 61ኛዋ ኮከብ በመነጽር ስትታይ አንድ ሳትሆን ሁለት ናት። እንዲህ ያሉትን ጥንድ ከዋክብት ክርስቲያን ማየር የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በማንሃይም ሆኖ በ1770ዎቹ ዓመታት በትጋት መዝግቦ ነበር፤ ብዙዎች ግን በአንድ አቅጣጫ ስለሚታዩ ብቻ የተጠጋጉ መስሏቸው ነበር። ዊሊያም ሄርሼል ከዓመታት ምልከታ በኋላ በ1803 አንዳንዶቹ ጥንዶች በእርግጥ እርስ በርሳቸው እንደሚዞሩ አሳየ። ፌሊክስ ሳቫሪ የተባለው ፈረንሳዊም በ1827 የአንዱን ጥንድ ሙሉ ምሕዋር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰላ።

መዞራቸው ለምን ይጠቅመናል? ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሽከረከሩ አይተን እናውቃለን። አንዱ ወፍራም፥ ሌላው ቀጭን ቢሆን፥ ወፍራሙ በትንሽ ክብ ሲዞር ቀጭኑ በትልቅ ክብ ይዞራል። በፍጥነት በዞሩም መጠን እጆቻቸው አጥብቀው መያዝ አለባቸው። በከዋክብት መካከል እጅን የሚተካው ስበት ነው። ስበትም የሚመጣው በውስጣቸው ካለው የቁስ መጠን ስለ ሆነ፥ ምን ያህል ተራርቀው በስንት ዓመት እንደሚዞሩ ካወቅን፥ አንድ ላይ ምን ያህል ቁስ እንደያዙ እናውቃለን። ኬፕለር በ1619 ያገኘውና ኒውተን በ1687 ምክንያቱን ያብራራው ሕግ ይህ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ የርቀታቸውን መጠን በምድርና በፀሐይ መካከል ባለው ርቀት ቆጥረን ሦስት ጊዜ እናባዛዋለን፤ የዙረታቸውን ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ እናባዛለን፤ የፊተኛውን ለኋለኛው ስናካፍል የሁለቱ ድምር በፀሐይ ሚዛን ይወጣል።

በመነጽር የምናየው ግን በሰማይ ላይ ያለውን የማዕዘን ስፋት ብቻ ነው። ያ ማዕዘን ወደ ኪሎ ሜትር የሚለወጠው የኮከቧ ርቀት ሲታወቅ ነው። እነሆ፥ የቤሰል የ1838ቱ ልኬት የጎደለውን ቁልፍ ሰጠ። እርሱም ወዲያው ስሌቱን ሠርቶ የ61ኛዋ ጥንዶች ድምር ከፀሐይ ግማሽ ብዙም እንደማይርቅ ገመተ። ይህ ግምት ዝቅ ያለ ነበር፤ በዛሬው ልኬት የሁለቱ ድምር ከፀሐይ አንድ ጊዜ ከሲሶ ገደማ ይሆናል። ጥንዶቹ አንድ ጊዜ ለመዞር ሰባት መቶ ዓመት ያህል ስለሚፈጅባቸውና በቤሰል ዘመን የታየው የመንገዳቸው ቁራጭ እጅግ አጭር ስለ ነበረ፥ ምሕዋሩን በትክክል ማወቅ አልተቻለም ነበር። መንገዱ ግን ትክክለኛ ነበር፤ ከእኛ ፀሐይ ውጭ ያለ ኮከብ ሚዛን ላይ ወጣ።

ያልታየችው ጓደኛ

የቤሰል የመጨረሻ ዓመታት ኀዘን የበዛባቸው ነበሩ። በ1840 ወጣት ልጁ ቪልሄልም ሞተበት፤ ቀጥሎም ራሱ በብርቱ ሕመም ተያዘ። ነገር ግን ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ ደፋር የሆነውን ያቀረበው በዚህ ወቅት ነው።

በሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ሲሪየስ ናት። በጥርና በየካቲት ምሽቶች በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠቀሰውን የኦሪዮንን ሦስት የተሰለፉ ከዋክብት ተከትሎ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው በቀላሉ ያገኛታል። ቤሰል ከብራድሊ ዘመን ጀምሮ ወደ ዘጠና ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ የተመዘገቡትን የሲሪየስ ስፍራዎች ሲያነጻጽር፥ ኮከቧ ቀጥ ባለ መንገድ እንደማትጓዝ፥ ይልቁንም ወደ ጎን እየተወዛወዘች እንደምትሄድ ተረዳ። ፕሮስዮን የተባለችውም ኮከብ እንዲሁ ነበረች። ስሕተትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያድን የኖረ ሰው ስለ ነበረ፥ የመሣሪያ ጉድለት እንዳልሆነ አረጋገጠ። በ1844ም ድምዳሜውን ይፋ አደረገ፤ እያንዳንዳቸው ማንም ያላያት ጓደኛ አለቻቸው፤ የሚወዘውዛቸውም የዚያች ስበት ነው፤ ዙረቱም ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ይፈጃል። ብርሃን መስጠት የከዋክብት ጠባይ ቢሆንም፥ የቁስ ሁሉ ጠባይ ግን አይደለምና፥ እልፍ ከዋክብት ስለታዩ ያልታዩ የሉም ሊባል አይችልም የሚል ነበር አስተሳሰቡ። ነገሩን ሁሉም ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ያልታየን ኮከብ በቁጥር ብቻ ማመን ለብዙዎች ከባድ ነበር።

ቤሰል ማረጋገጫውን ሳያይ ማርች 17 ቀን 1846 በ61 ዓመቱ ዐረፈ፤ ከመመልከቻው አጠገብም ተቀበረ። በ1851 ፔተርስ የተባለው ሊቅ የማትታየዋን ጓደኛ ምሕዋር አስልቶ ዙረቷ ሃምሳ ዓመት ገደማ መሆኑን አገኘ። ከዚያም ጃንዋሪ 31 ቀን 1862 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አልቫን ግሬሃም ክላርክ የተባለ የመነጽር ሠሪ፥ በአባቱ ሥራ ቤት የተዘጋጀ አዲስ ትልቅ መነጽር ሲፈትን፥ በሲሪየስ ብርሃን ዳር አንዲት ደብዛዛ ነጥብ አየ። ነጥቧ የተገኘችው ስሌቱ በጠቆመው ወገን ነበር። የፕሮስዮንም ጓደኛ በ1896 ታየች።

አሁን የሲሪየስን ሚዛን ራሳችን እንሥራ። ሁለቱ ከዋክብት በአማካይ የሚራራቁት ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት 20 ጊዜ ያህል ነው፤ የሚዞሩትም በ50 ዓመት ነው። 20 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 8,000 ይሆናል፤ 50 ሁለት ጊዜ ሲባዛ 2,500 ይሆናል፤ 8,000 ለ2,500 ሲካፈል ከሦስት ጥቂት የሚበልጥ፥ ማለት 3.2 ይመጣል። ቁጥሮቹን ሳናጠጋጋ ብንሠራው ሦስት ፀሐይ ያህል ነው። ድምሩን ለማካፈል ደግሞ የልጆቹን ዙር እናስታውስ፤ ጓደኛዪቱ የምትዞርበት ክብ የሲሪየስን ክብ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን፥ ሲሪየስ ሁለት ፀሐይ፥ ጓደኛዋም አንድ ፀሐይ ታህላለች።

ከዚህ ሚዛን ሌላ ድንቅ ነገር ወጣ። በ1915 የጓደኛዪቱ ብርሃን ሲመረመር ኮከቧ እጅግ ትኩስ ሆና ተገኘች። ትኩስ ሆና ሳለች ደብዛዛ የሆነችው ትንሽ ስለ ሆነች ብቻ ነው፤ ስፋቷ ከምድራችን ብዙም አይበልጥም። ፀሐይን የሚያህል ቁስ በምድር ስፋት ውስጥ ታምቆ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ከዋክብት ነጭ ድንክ ይባላሉ፤ የእኛም ፀሐይ ከብዙ ቢሊዮን ዓመታት በኋላ እንዲሁ ትሆናለች ተብሎ ይታሰባል። ሚዛኑ ባይኖር ኖሮ ያች ደብዛዛ ነጥብ ተራ ነገር መስላ በቀረች ነበር።

የቤሰል መንገድ እስከ ዛሬ

የኮኒግስበርግ ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩሲያ ትገኛለች፤ የቤሰል መመልከቻም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈርሷል። ዘዴው ግን አልፈረሰም። ዛሬም የከዋክብት ሚዛን ሁሉ መሠረት ጥንድ ከዋክብት ናቸው፤ ብቻቸውን ያሉት የሚገመቱት ከእነርሱ ጋር በመነጻጸር ነው። ጋያ የተባለችው የአውሮጳ ሳተላይት ከ2014 እስከ 2025 መጀመሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሆኑ ከዋክብትን ስፍራ ስትለካ፥ ሥራዋ ቤሰል በአንዲት ኮከብ ላይ የሠራውን በብዛት መድገም ነበር። በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ራይንሃርት ገንዘልና አንድሪያ ጌዝም በጋላክሲያችን መካከል ያለውን፥ አራት ሚሊዮን ፀሐይ የሚያህለውን የማይታይ አካል የመዘኑት በዙሪያው የሚሽከረከሩትን ከዋክብት ለብዙ ዓመታት በመከታተል ነው። አንደኛዋ ኮከብ ዙሯን በ16 ዓመት ትጨርሳለች።

ውድ አንባብያን፤ በልጅነቱ የነጋዴ ሒሳብ ይይዝ የነበረው ሰው አንዲት ሳንቲም እንኳ ከመዝገቡ እንዳትጎድል የተማረውን ጥንቃቄ ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ። ከመዝገቡ ላይ ጥቂት የጎደለ ሲመስለው በስንፍና አላለፈውም፤ ያልታየች ከፋይ አለች ብሎ ጻፈ እንጂ። መዝገቡም ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ።